ፊቴን የተዋሰ ገጽ

ባሕር ዳር አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ዜና ሳነብ ኖሬ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ አርብ ገበያ የተመለስኩት በአባቴ ምክንያት ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ድጓ ቤተ ልሔም ያስመሰከሩ፣ ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን በማስተማር ያሳለፉ። እኛ ልጆቻቸውም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነው የምንላቸው። እናቴ ካረፈች በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ወድቀው ወገባቸው ተጎዳና ተማሪዎቻቸው ተሸክመው ቤት አስገቧቸው። ወሬው እንደ ደረሰኝ ሥራዬን ለቅቄ መጣሁ።

ሁለት ወር ያህል ያለ ሥራ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ቀደም ሲል ሥልጠና የሰጠኝ አንድ ድርጅት ጻፈልኝ። ዘጠኝ የናይጄሪያ ሬዲዮ ጋዜጠኞች ማኅበራዊ ሚዲያን ለሥራቸው በደንብ እንዲጠቀሙበት የሚረዳ ሰው ይፈልጉ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ላይ፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ነው። እሺ አልኩ፤ ልቤ ግን አልረጋም። ናይጄሪያ ሲባል ወደ ሐሳቤ የሚመጣው በኢሜይል እየጻፉ ሰው የሚያታልሉት ብቻ ነበሩ። ስለእነሱ ዜና ያነበብኩትም ራሴው ነኝ። አንድም ናይጄሪያዊ በአካል አግኝቼ አላውቅም። ቢሆንም ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ ገባሁበት።

ኔትወርክ ቤታችን ድረስ አይዘልቅም። ከገበያው በላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት አንዲት ሴት ከሱቋ ኋላ ያለችውን ጠባብ ክፍል አከራየችኝ። ከእኔ ዐሥር ዓመት ያህል የምትበልጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ ቁጥብ ሴት ናት፤ እትዬ እላታለሁ። መታወቂያ የሚያባዛ፣ ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ የትምህርት ማስረጃ ስካን የሚያስደርግ ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣል። ማን ማንን እንደከሰሰ፣ ማን ዝውውር እንደጠየቀ ታውቃለች፤ ከአፏ ግን አንዲት ቃል አትወጣም። በዚህ አከብራት ነበር።

ከተማው ግን እኔን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረ። በሳምንት ሁለት ቀን በሩን ዘግቶ ከግድግዳ ጋር እንግሊዝኛ የሚያወራ ሰው ማንን አያስጠረጥርም? አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ አንድ የማውቀው ነጋዴ ከማን ጋር እንደማወራ ጠየቀኝ። ከናይጄሪያ ጋዜጠኞች ጋር ነው ስለው ሻዩን ጨረሰና ሌላ ጠረጴዛ ሄዶ ተቀመጠ። የኔታም ቢሆኑ አልተዋጠላቸውም። ሰዎቹን አይቻቸው እንደማውቅ ጠየቁኝ። በስክሪን ነው አልኳቸው። ከማን እንደተማሩስ አውቃለሁ ወይ? አላውቅም። በእሳቸው ቤት ተማሪ ሲመጣ ከየትኛው መምህር እግር ሥር እንደተነሣ ሳይጠየቅ አይገባም። «መምህሩ የማይታወቅ ሰው ስትሰማ አንዱን ጆሮህን ዝጋው» አሉኝ።

ትምህርቱ ራሱ ከባድ አልነበረም። የሬዲዮ ሰው ማይክሮፎን ፊት ይጎብዝና ፌስቡክ ላይ ሲጽፍ ደብዳቤ ይመስልበታል። ረጅሙን ዘገባ አንድ ደቂቃ ወደማይሞላ ድምፅ እንዴት እንደሚያሳጥሩት፣ አድማጮቻቸው ስልክ የሚነካኩበትን ሰዓት እንዴት እንደሚለዩ፣ ለሚሰድባቸው ሰው እንዴት እንደሚመልሱለት አሳየኋቸው። ከሁሉ በላይ የደከምኩበት አንድ ፎቶ ሲመጣ እንዴት እንደሚያጣሩት ነው። መጀመሪያ ማን አወጣው? የት ተነሣ? መቼ? እነዚህን ሳትመልሱ አትለጥፉ እላቸው ነበር፤ በየክፍለ ጊዜው እደጋግመዋለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ሥራቸውን ከውስጥ ገብቼ ለማየት እንዲመቸኝ ለጥቂት ቀን የጣቢያዎቻቸው ገጽ አስተዳዳሪ እንዲያደርጉኝ ጠየቅኳቸው። ከዘጠኙ ሁለቱ ብቻ ፈቀዱልኝ። ከመካከላቸው ከሰሜን ናይጄሪያ የመጣ፣ ድምፁ ጎርናና፣ በዕድሜ የጠና ጋዜጠኛ ነበረ። ይህ ሰው ካሜራውን ከፍቶ አያውቅም። ሌሎቹ ፊታቸው ይታያል፤ የእሱ ቦታ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ እሱ ጠያቂ ሆነ። ሙሉ ስሜ ማን ነው? የት ጣቢያ ነበርኩ? ለምን ለቀቅኩ? አሁን ያለሁበት ከተማ በካርታ ላይ የት ነው? በመጨረሻም ዛሬ የተነሣሁት ፎቶ እንድልክለት ፈለገ። እምቢ ማለት አስተማሪን አያምርበትም ብዬ፣ ግቢያችን ውስጥ በድንጋይ አጥሩ ሥር ቆሜ ተነሣሁና ላክሁለት። ፊቱን የማያሳይ ሰው የእኔን ፊት ምን ሊያደርገው ነው?

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በገበያው ቀን፣ ለየኔታ ገብስ ልገዛ ጠዋት ወጣሁ። እህሉ ጋ ሰው አለ። የከብቱ ቦታ ግን ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ገበሬ ሁለት በጎች እየነዳ ሽቅብ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘሁት። ሳይሸጥ ለምን እንደሚመለስ ጠየቅኩት። ቆሞ ትኩር ብሎ አየኝ።

«አንተ አይደለህም እንዴ ተዘግቷል ያልከው?» አለ።

አብሮት የነበረው ሰው ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ፌስቡክ ላይ በእኔ ስም የተከፈተ ገጽ ነው። ፎቶዬ አለ። ከፎቶው ሥር «አባ ሰንጋ ገብቷል። የአርብ ገበያ የከብት ገበያ ተዘግቷል። የሞተ ከብት ሥጋ እንዳትበሉ፤ ከብታችሁንም ይዛችሁ እንዳትመጡ» ይላል። ከዚያ በታች ሰዉ እርስ በርሱ እየተጠራራ አስተያየት ሰጥቷል። «የሬዲዮው ልጅ ካለማ እውነት ነው» የሚል አነበብኩ። ገበሬው በጎቹን እየነዳ ከሌሊት ጀምሮ እንደመጣና ወሬውን የሰማው እዚህ ከደረሰ በኋላ እንደሆነ ነገረኝ። እኔ አይደለሁም ብዬ ማልኩለት። መልስ ሳይሰጠኝ በጎቹን ነድቶ ሄደ።

ከቀትር በፊት ሁለት የጸጥታ ሰዎች አስጠሩኝ። በጨዋ ደንብ ነው የጠየቁኝ። ገጹ የእኔ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ፎቶው ግን የእኔ ነው? አዎ። ለማን ሰጥቼ ነበር? ይህን ሲሉ የዚያ ካሜራ የማይከፍት ሰው ጥቁር ካሬ ብቻ ነው የታየኝ። ለአንድ ናይጄሪያዊ ልኬ ነበር አልኩ። ይህን በማለቴ የዳንኩ መስሎኝ ነበር። ሁለቱ ተያዩ። ፎቶ ለውጭ አገር ሰው ለምን እንደላክሁ፣ ሌላስ ምን እንደላክሁ፣ ማን እንደሚከፍለኝ መጠየቅ ጀመሩ። ከዚያ ስወጣ ከገባሁበት የባሰ ተጠርጣሪ ሆኜ ነበር።

ንዴቴን ይዤ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ናይጄሪያዊውን ከትምህርቱ ቡድን አስወጣሁትና ለብቻው ጻፍኩለት። አሁን ሳነበው የሚያሳፍረኝ ጽሑፍ ነው። ሌባ አላልኩትም፤ እንደናንተ ያለውን እናውቃለን ግን ብዬዋለሁ። ያችን «እንደናንተ» የምትል ቃል ስጽፍ ለአፍታም አላመነታሁም።

በማግሥቱ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ይጮኻል ብዬ ነበር፤ ድምፁ ግን ዜና እንደሚያነብ ሰው የረጋ ነው። ገጹን ፈልጎ እንዳየው ነገረኝ። አማርኛውን አላነበበውም፤ ፎቶውን ነው ያየው። «ለእኔ የላክህልኝ ላይ ከኋላህ ድንጋይ አለ» አለ። «እዚህኛው ላይ ከኋላህ ነጭ ነው። በግራ ትከሻህ ላይ ደግሞ ቀጭን ሰያፍ መሥመር አለ። ይህ ከወረቀት ላይ በስካነር የተነሣ ፎቶ ነው። መጀመሪያ ማን አወጣው ብላችሁ ጠይቁ ያልከን አንተ ነህ። ወረቀቱን ለማን ሰጠኸው?»

ስልኩን ይዤ ገጹን ከፈትኩ። እውነት ነው፤ ፎቶውን በቅጡ አላየሁትም ነበር። ፊቴን ሳይ ሌላው ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር። ለመታወቂያ የተነሣሁት ጉርድ ፎቶ ነው። መሥመሩንም አወቅኩት። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያለው ማሽን መስታወቱ ጫፉ ላይ ተጭሯል። እዚያ ስካን የተደረገ ትንሽ ነገር ሁሉ ያንን ሰያፍ መሥመር ይዞ ይወጣል፤ ባለጉዳዮች ሲያማርሩበት ከግድግዳው ማዶ እሰማ ነበር። መታወቂያዬን ሳሳድስ ፎቶዬን የሰጠሁት ለእሷ ነው።

ወዲያው ተነሥቼ አልሄድኩም። ተቀምጬ የማሽኑን ድምፅ አዳመጥኩ። ሰው እየገባ ይወጣል፤ እሷ በለሰለሰ ድምፅ ስንት ኮፒ እንደሚፈልጉ ትጠይቃለች። አንድ ወር ሙሉ ያወራሁትን ሁሉ ሰምታ ይሆን? ማን አሰማርቷት ይሆን? ነጋዴ ይሆን፣ ባለሥልጣን ይሆን? ስለ እሷ መልካም የማስበው ሁሉ አንድ በአንድ ተገለበጠ። ዝምታዋ እንኳ ሌላ ትርጉም ያዘብኝ።

ሱቁ ጭር ሲል ወጣሁና ስልኬን ፊቷ አስቀመጥኩ። አየችው። አልካደችም።

«እትዬ፣ ማን አዘዘሽ?»

«ማንም አላዘዘኝ። ወንድሜ ሲማዳ ነው ያለ፤ የዚያ አገር ሰው ከብቱን የሚያመጣው ወደዚህ ገበያ ነው። በሬ ሞተባቸውና አርደው ተከፋፈሉት። ሚስቱ እጇ ላይ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ወጣባት። ነግሬህ ነበር እኮ።»

ያኔ ትዝ አለኝ። ነግራኛለች። ሦስት ሳምንት ያህል ሆኖታል፤ ለክፍለ ጊዜዬ ልገባ ስል በር ላይ አስቁማኝ በገጽህ ላይ ለሰዉ ተናገር ብላኝ ነበር። ሳይጣራ አይለጠፍም፣ አጣርቼ እነግርሻለሁ አልኳትና ገባሁ። የዚያን ቀን ናይጄሪያውያኑን ያስተማርኳቸው ስለ ማጣራት ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው አልጠየቅኩም፤ አንድ ስልክ አልደወልኩም።

ለምን በራሷ ስም እንዳልጻፈችው ጠየቅኳት።

«በእኔ ስም ጽፌው ነበር» አለች። «ሦስት ሰው ነው ያየው። አንዱ ሳቀብኝ። ፊትህን ያምኑታል ብዬ ነው። ገበያው ተዘግቷል ያልኩት ውሸት ነው፤ እሱን አውቀዋለሁ። እንዲያ ካላልኩ ከብቱን ከመንዳት የሚቀር ሰው የለም።»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። ግን ምኑን አስቀድሜ እንደምቆጣ ጠፋኝ። ገጹን እዚያው እፊቴ አጠፋችው። ስታጠፋው እጇን ስከታተል ነበር፤ ሌላም ከፍታ ይሆናል ብዬ።

ሰኞ ማለዳ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለምኜ ወደ ሲማዳ በሚሄድ አይሱዙ ተሳፈርን። መኪናው ከጣለን በኋላ ሁለት ሰዓት በእግር ሄድን። የወንድሟ ቤት ስንደርስ አንድ ላም ደግሞ ሞታ ነበር፤ ከአፍንጫዋ ደም ይታያል። ባለሙያው ማንም እንዳይነካት አዝዞ በጥልቅ አስቀበራት። በሽታው አባ ሰንጋ መሆኑን ምልክቱን አይቶ እንደሚጠረጥር፣ ናሙና ወስዶ እንደሚያረጋግጥ ነገረኝ። እኔም ቃል በቃል ጻፍኩት። የወንድሟ ሚስት በሩ አጠገብ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በነጠላ ጠቅልላለች። ስትገልጠው ከአውራ ጣቷ በላይ የሳንቲም ያህል የጠቆረ፣ ዙሪያው ያበጠ ቁስል ታየ። አያምምም አለችን። አለማመሙ አታሏት ነው ሳትታከም የቆየችው። ባሏና ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሷት። አንድ ሳምንት ብንቆይ ኖሮ የሚለውን ባለሙያው ጀመረና አልጨረሰውም።

ከዚያ በራሴ ገጽ፣ በራሴ ስም ጻፍኩ። ማን እንዳለው፣ በየትኛው ቀበሌ እንደታየ፣ የተረጋገጠውና ገና ያልተረጋገጠው ምን እንደሆነ፣ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ለያይቼ አስቀመጥኩት። ገበያው እንዳልተዘጋም ጻፍኩ። ካነበቡት ውስጥ «የትኛውን እንመን?» ያሉ ነበሩ። ሁለቱም ላይ ያለው ፊት አንድ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ባለሙያው እንደጠረጠረው ሆነ። ከብቱም ተከተበ፤ ዘግይቶ ቢሆንም ተከተበ። የሴትዮዋ እጅ ዳነ፤ ጠባሳው ግን ቆዳዋን ጨምድዶ ስለያዘው አውራ ጣቷ በደንብ አይታጠፍም።

የጸጥታ ሰዎቹ ተመልሰው መጡ። ገጹ መጥፋቱን ያውቃሉ፤ የከፈተውን ነው የፈለጉት። አላውቅም አልኳቸው። ዘጠኝ ዓመት ዜና ሳነብ እያወቅኩ ሐሰት የተናገርኩበት ቀን የለም ብል ማጋነን አይሆንም፤ ያን ቀን ግን ተናገርኩ። ያመኑኝ አይመስለኝም።

ነገሩን ሁሉ ለየኔታ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። የሴትየዋ ወሬ ሐሰት ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ግማሹ፣ አልኳቸው።

«ያንተስ ዝምታ?» አሉ። ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ለናይጄሪያዊው ይቅርታ ጻፍኩለት። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤ ነው የላክሁት። ከአራት ቀን በኋላ መለሰልኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ዘገባ አውጥቶ ቤቱ ድረስ ሰዎች መጥተውበት እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ፊቱን በኢንተርኔት እንደማያሳይ ነገረኝ። ፎቶ ያስላከኝም የትምህርቱ ጓደኞቹ መክረውት ነው። አይተውት የማያውቁት ኢትዮጵያዊ የገጻቸውን ቁልፍ ስጡኝ ሲላቸው አጭበርባሪ ነው ብለው ደምድመው ነበር። ሰባቱ እምቢ ያሉት በዚህ ነው። እኔ እነሱን ስሰጋ እነሱም እኔን ሲሰጉ ነበር ማለት ነው። ወደ ቡድኑ ተመለሰ። የሚልካቸው የቤት ሥራዎች ከሁሉም የተሻሉ ነበሩ። ጓደኛሞች ሆንን ግን አልልም፤ ስንነጋገር አንዳችን የሌላችንን ቃል መዝነን ነው።

ድርጅቱ ለሌሎች ጋዜጠኞችም እንዳስተምር ጠየቀኝ፤ አሁንም ከናይጄሪያ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ይህን ታሪክ የሰውየውንም የሴትየዋንም ማንነት ሳልገልጥ እነግራቸዋለሁ። ባለፈው አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ፣ ገጹን የከፈተውን ሰው ለሕግ ሰዎች ነግሬ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልነገርኩም አልኳት። ማስታወሻዋ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች አልጠየቅኳትም።

የተከራየኋትን ክፍል አልለቀቅኩም። እትዬ አሁን ወሬ ስትሰማ ከማን እንደሰማችው ጭምር በወረቀት ጽፋ በክፍሌ በር ሥር ታስገባልኛለች፤ እኔም በዚያው ቀን እደውላለሁ። ሰላምታችን አልተቋረጠም። ወረቀት ኮፒ እንድታደርግልኝ ስሰጣት ግን ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ዋናውን ተቀብዬ፣ ኮፒውን ቆጥሬ፣ ማሽኑ ላይ የቀረ እንደሌለ አይቼ ነው የምወጣው። እሷም ክዳኑን ሳልጠይቃት ታነሣልኛለች።